ቪዲዮዎችን እዚያው እያዩ መለየት፦ የዶልፊን ፋይል ማደራጃ አጠቃቀም

ባለፈው ክረምት የቤተሰባችንን ቪዲዮዎች ለመለየት ተቀመጥኩ። የእህቴ ሠርግ፣ የአያቴ ተዝካር፣ የሦስት ዓመት ጥምቀት፣ ከአራት ስልኮችና ከሁለት ካሜራዎች የተገለበጠው ሁሉ በአንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ተከምሮ ነበር። የፋይሎቹ ስም ካሜራው የሰጣቸው ቁጥር ብቻ ነው፤ ማን እንዳለበትም ሆነ የት እንደተቀረጸ አይናገርም። ይህን የምታውቀው እናቴ ናት፤ ስለዚህ ከጎኔ አስቀመጥኳት።

አንዱን ፋይል ሁለት ጊዜ ጠቅ አደርጋለሁ። የቪዲዮ ማጫወቻው እስኪከፈት እንጠብቃለን። እናቴ «ይሄ የቅልቅሉ ቀን ነው» ትላለች። ማጫወቻውን ዘግቼ ወደ ፎልደሩ ስመለስ የትኛው ፋይል ላይ እንደነበርኩ ይጠፋብኛል። ላፕቶፑ ዕድሜው የገፋ፣ ራሙም 4 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ መክፈትና መዝጋት ጊዜ ይወስዳል። ሃያ ፋይል ሳንጨርስ እናቴ ደከማት፤ እኔም ተስፋ ቆረጥኩ።

ሥራውን ያቀለለልኝ የፋይሎቹ ዝርዝር ያለበት መስኮት ራሱ ቪዲዮውን እንዲያጫውት ማድረጌ ነው። ይህን የሚያደርገው ዶልፊን የተባለው፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሥርዓት የሆነው የሊኑክስ ፋይል ማደራጃ ነው። አሠራሩን እኔ በሄድኩበት ቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ለምን ዶልፊን?

ዶልፊን ኬዲኢ የተባለውን የሊኑክስ ዴስክቶፕ የሚሠራው ማኅበረሰብ የሚያዘጋጀው ነጻ ፕሮግራም ነው። ፒተር ፔንዝ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ በ2006 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ በጥር 2008 እ.ኤ.አ. ኬዲኢ 4 ሲወጣ ቀድሞ የነበረውን ኮንከረርን ተክቶ ዋናው የፋይል ማደራጃ ሆነ።

ከእርሱ ያነሰ ማኅደረ ትውስታ የሚወስዱ አሉ። ፒሲማንኤፍኤም እና ቱናር ሁለቱም ቀላልና ፈጣን ናቸው፤ ነገር ግን ቪዲዮ ለማየት ሌላ ፕሮግራም መክፈት ግድ ይላል። እኔ የፕሮግራምን ቅለት የምለካው ሥራውን እስክጨርስ ድረስ ኮምፒውተሩ በሚሸከመው ሁሉ ነው። ዶልፊን ብቻውን ተከፍቶ የሚሠራው ሥራ፣ ቱናርና አንድ የቪዲዮ ማጫወቻ እየተፈራረቁ ከሚሠሩት ይልቅ በእኔ ላፕቶፕ ላይ እጅግ ፈጣን ነበር።

መጫን

ከሊኑክስ ዓይነቶች ኩቡንቱ ወይም የፌዶራ ኬዲኢ እትም ካለዎት ዶልፊን አብሮ ስለሚመጣ ምንም መጫን አያስፈልግም። ሊኑክስ ሚንት፣ ዙቡንቱ ወይም ሌላ ዓይነት ከሆነ የሶፍትዌር መደብሩን ከፍተው ስሙን በላቲን ፊደል (Dolphin) ይፈልጉ። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ በዚያው ስም የሚጠራ፣ የኒንቴንዶ ጨዋታዎችን የሚያስኬድ ሌላ ፕሮግራም አብሮ ይወጣል። የእርስዎ የሚሆነው «ፋይል ማኔጀር» የሚለው ነው። ከኬዲኢ ውጭ ባለ ሥርዓት ላይ ሲጫን ደጋፊ ክፍሎችንም ስለሚያወርድ ኢንተርኔት በሚረክስበት ሰዓት ቢያወርዱት ይሻላል።

ሁለት ነገሮች ይጨምሩ። አንደኛው በፋይሉ ላይ የቪዲዮውን ትንሽ ምስል የሚያሳየው ኤፍኤፍኤምፔግታምብስ (ffmpegthumbs) የተባለው ክፍል ነው፤ ሲፈልጉት ያለ ክፍተት አንድ ቃል አድርገው ይጻፉት። ሁለተኛው ቪዲዮውን የሚፈቱት ኮዴኮች ናቸው። በኩቡንቱ «ኩቡንቱ ሪስትሪክትድ ኤክስትራስ» የሚለው ጥቅል አብዛኞቹን ያመጣል። በፌዶራ ግን ኤች264 የተባለው፣ ስልኮችና ካሜራዎች በብዛት የሚጠቀሙበት የቪዲዮ ዓይነት ከባለቤትነት መብት ጋር በተያያዘ ምክንያት ሙሉ ሆኖ አብሮ ስለማይመጣ ተጨማሪ የፕሮግራም ማውረጃ ምንጭ መክፈት ያስፈልጋል። ቪኤልሲ የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻም አብረው ይጫኑ፤ ሙሉ ቪዲዮ ቁጭ ብለው ማየት ሲፈልጉ እርሱ ይጠቅምዎታል።

የማጫወቻውን ፓናል መክፈት

ዶልፊንን ከፍተው ቪዲዮዎቹ ወዳሉበት ፎልደር ይግቡ። ኤፍ11 ቁልፍን ይጫኑ። በብዙ ላፕቶፖች ላይ «ኤፍኤን» የሚለውን ቁልፍ አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። በቀኝ በኩል «ኢንፎርሜሽን» የሚባል ፓናል ይከፈታል። አንድ ቪዲዮ ላይ አንድ ጊዜ ጠቅ ያድርጉ። ፓናሉ ውስጥ ምስሉ፣ ከሥሩ የማጫወቻ ቁልፍና የሚጎተት መስመር፣ ዝቅ ብሎም የቪዲዮው ርዝመት፣ መጠንና ቀን ይታያል።

ማጫወቻው ካልታየ በፓናሉ ባዶ ቦታ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ይጫኑና «ፕሪቪው» የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን ያረጋግጡ። እዚያው ዝርዝር ውስጥ ሌሎች ሁለት ምርጫዎች አሉ።

የመጀመሪያው «ኦቶ ፕሌይ» የሚለው ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ነሐሴ በወጣው እትም የተጨመረ ነው። ምልክት ሲደረግበት ፋይሉን እንደመረጡት ቪዲዮው ወዲያው መጫወት ይጀምራል። የዚህ መመሪያ እምብርት ይህ ነው። ማውሱን መተው ይችላሉ፤ በኪቦርዱ የታች ቀስት አንድ ጊዜ ሲጫኑ ቀጣዩ ቪዲዮ ይጫወታል፣ እንደገና ሲጫኑ ሌላው። እናቴ ዓይኗን ከፓናሉ ሳታነሣ «አክስትሽ ቤት፣ አክስትሽ ቤት፣ ይሄ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን» እያለች ስትቀጥል እኔ ቀስት ብቻ እጫን ነበር። ድምፁን አስቀድመው ዝቅ ያድርጉት፤ የሠርግ ቪዲዮ ሁሉ በእልልታ ነው የሚጀምረው።

ሁለተኛው ማውሱ ያለፈበትን ፋይል ሁሉ እንዲያሳይ የሚያደርገው ነው። ይህን እንዲያጠፉት እመክራለሁ። ካልጠፋ ማውሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚታየው ቪዲዮ ይቀያየራል፤ የመረጡት አንዱ፣ የሚያዩት ሌላው ሆኖ መሰረዝ የማይፈልጉትን ፋይል እስከ መሰረዝ ሊያደርስዎ ይችላል።

ፓናሉ ሲከፈት ጠባብ ነው። በፓናሉና በፋይሎቹ መካከል ያለውን ድንበር በማውስ ይዘው ወደ ግራ ቢጎትቱት ይሰፋል። ከዚያም በላይ ከፈለጉ በፓናሉ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «አንሎክ ፓናልስ» የሚለውን ይምረጡ፤ ያን ጊዜ ፓናሉን ከመስኮቱ ነቅለው ለብቻው ማቆም ይቻላል። ከላፕቶፑ ጋር ሌላ ስክሪን ወይም ቴሌቪዥን ያለው ሰው ፓናሉን ወደዚያ ወስዶ ቤተሰቡ በሙሉ እንዲያይ ማድረግ ይችላል።

ብዙ ቪዲዮ በጣሪያ፣ በወለል ወይም በቀራጩ ጫማ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያውን ብቻ አይተው አይፍረዱበት፤ የሚጎተተውን መስመር ወደ መካከል ሳብ አድርገው ይመልከቱ። የአያቴን ድምፅ ያገኘሁት ለሦስት ደቂቃ ጠረጴዛ ብቻ ከሚያሳይ ቪዲዮ መጨረሻ ላይ ነው፤ ልሰርዘው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ላፕቶፑ አርጅቶ ከሆነ

ዶልፊንን ከባድ የሚያደርገው የቪዲዮ ትንንሽ ምስሎችን ማዘጋጀቱ ነው። ብዙ መቶ ቪዲዮ ያለበት ፎልደር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ አንድ ምስል ያወጣለታል። ምስሎቹ ስለሚቀመጡ በሁለተኛው ጊዜ ይፈጥናል፤ የመጀመሪያው ግን የኮምፒውተሩን ማቀዝቀዣ ያስጮኸዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኮንትሮልና 3 ቁጥርን አብረው ሲጫኑ ፋይሎቹ በስም፣ በመጠንና በቀን ተዘርዝረው ይታያሉ። ወደ ዶልፊን ማስተካከያ ገብተው «ፕሪቪውስ» በሚለው ክፍል ውስጥ ለቪዲዮ የተደረገውን ምልክት ያንሡ። ትንንሾቹ ምስሎች ይቀራሉ፤ በኢንፎርሜሽን ፓናሉ ውስጥ የሚጫወተው ግን እንደነበረ ይቀጥላል። ለእኔ ላፕቶፕ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው።

ቪዲዮው ያለው ስልክ ውስጥ ከሆነ በገመድ አገናኝተው ከስልኩ ላይ ለማጫወት አይሞክሩ። ስልኩ ላይ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለውን መርጠው መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡት፤ መለየቱ ከዚያ በኋላ ይሁን።

እያዩ ማንቀሳቀስ

ከመጀመርዎ በፊት መድረሻዎቹን ያዘጋጁ። እኔ ያዘጋጀሁት አራት ፎልደር ብቻ ነው፦ ሠርግ፣ ተዝካር፣ በዓላት፣ ያልታወቀ። ከዚህ በላይ ከሆነ እጅ ይንቀረፈፋል፤ ዝርዝር ክፍፍሉ በሁለተኛው ዙር ሊሠራ ይችላል።

ኤፍ3 ሲጫኑ መስኮቱ ለሁለት ይከፈላል። በግራው ያልተለዩት ቪዲዮዎች፣ በቀኙ መድረሻው ፎልደር ይሁን። በግራው ላይ ጠቅ ያድርጉና ቪዲዮውን ይምረጡ፤ በፓናሉ ይጫወታል። ወደ ቀኙ ለማንቀሳቀስ ሺፍትና ኤፍ6፣ ኮፒ ብቻ ለማድረግ ሺፍትና ኤፍ5 ይጫኑ። ጠባብ ስክሪን ላይ ሁለቱ ክፍሎችና ፓናሉ አንድ ላይ ይጣበባሉ፤ በግራ በኩል ያለውን የቦታዎች ዝርዝር በኤፍ9 ቢዘጉት ቦታ ይገኛል።

በአንድ ዙር አንድ መድረሻ ብቻ ይያዙ። የሠርጉን በሙሉ አንቀሳቅሰው ሲጨርሱ የቀኙን ክፍል ወደ ተዝካር ይቀይሩና ከላይ ይጀምሩ። በየፋይሉ መድረሻ እየቀያየሩ መሥራት ፈጣን ይመስላል፤ ስሕተት የሚበዛው ግን እዚያ ነው። ተሳስተው ያንቀሳቀሱትን ኮንትሮልና ዜድ ወዲያውኑ ይመልሰዋል።

የማይረባውን ቪዲዮ በዲሊት ብቻ ያስወግዱ፤ ወደ ትራሽ ይገባል። ሺፍትን ከዲሊት ጋር ከተጫኑ ግን ለዘለዓለም ይጠፋል። የቤተሰብ ቪዲዮ ሲለዩ ሁለተኛውን ፈጽሞ አይንኩት፤ ለእርስዎ ከንቱ የመሰለው ቪዲዮ ለሌላው የቤተሰብ አባል የመጨረሻው ማስታወሻ ሊሆን ይችላል። ከፍላሽ ላይ የሰረዙት ፋይል እዚያው ፍላሽ ላይ በተደበቀ የትራሽ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። «ሰርዤ ቦታው ለምን አልሰፋም?» የሚያሰኘው ይህ ነው፤ ፍላሹ እንደተሰካ ትራሹን ባዶ ሲያደርጉ ቦታው ይለቀቃል።

ስም መስጠት

ፋይሎች በአንድ ፎልደር ከተሰበሰቡ በኋላ ሁሉንም መርጠው ኤፍ2 ይጫኑ። ስም የሚጻፍበት ሳጥን ይመጣል። እንዲህ ብለው ቢጽፉ፦

2016-05-11 ጥምቀት ###

ዶልፊን በ### ቦታ 001፣ 002፣ 003 እያለ ለሁሉም ተራ ቁጥር ይሰጣል። የ# ምልክቶቹ ብዛት የቁጥሩን አሃዝ ብዛት ይወስናል። የፋይሉ ዓይነት መለያ እንደነበረ ይቆያል።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር መጻፍ እወዳለሁ፤ እናቴ የምታስታውሰው በዚያ ነውና። ወሩን ግን በስሙ አልጽፍም። ኮምፒውተር የሚደረድረው በፊደል ተራ ስለሆነ «ሐ» ከ«መ» ቀድማ ሐምሌ ከመስከረም በፊት ትቀመጣለች፤ ዓመቱም ይዘበራረቃል። ዓመተ ምሕረት፣ ከዚያ ወሩ በሁለት አሃዝ፣ ከዚያ ቀኑ ሲጻፍ ፋይሎቹ በተፈጸሙበት ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ፤ ጳጉሜን 13 ቁጥርን ይዛ መጨረሻ ላይ ትመጣለች። ካሜራው በፋይሉ ውስጥ የመዘገበው ቀን የፈረንጁ መሆኑን አይርሱ፤ ከላይ ያለው ጥምቀት ፓናሉ ላይ ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ሆኖ ነው የሚታየው። ቀኑን በእዝባር (/) ለይቶ መጻፍ አይቻልም፤ ሊኑክስ እዝባርን የፎልደር መለያ አድርጎ ይወስደዋል። ሰረዝ ይጠቀሙ።

በአማርኛ ረጅም ስም ለሚሰጥ ሰው አንድ ገደብ አለ። በኤክስት4፣ ማለትም በሊኑክስ የተለመደ የዲስክ አዘገጃጀት፣ የተዘጋጀ ዲስክ ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በአማርኛ የሚበቃን 85 ፊደል ያህል ብቻ ነው፤ የፋይሉ ዓይነት መለያም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። እኔ በስሙ ውስጥ የሰባት ሰው ስም ለመዘርዘር ስሞክር «ስሙ ረዝሟል» አለኝ። ሰዎቹን በስም መመዝገብ ከፈለጉ በዚያው ፎልደር ውስጥ አንድ የጽሑፍ ፋይል ከፍተው ይጻፉ።

አንድ ዓይነት ፎልደር ግን ስሙም ሆነ ቅርጹ አይነካ። ኤቪሲኤችዲ በተባለው የቪዲዮ ዓይነት የሚቀርጹ ካሜራዎች ቪዲዮዎቹን በበርካታ ፎልደሮች ውስጥ ጠልቀው «ስትሪም» በሚባለው ውስጥ ያስቀምጣሉ። ብዙ ካርዶች የሚጠቀሙበት ፋት32 የተባለው የዲስክ አዘገጃጀት ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል ረጅሙ ሥነ ሥርዓት ተቆራርጦ በተለያዩ ፋይሎች ይቀመጣል። ቁርጥራጮቹን እንዴት እንደሚገጣጠሙ የሚያውቁት በዙሪያቸው ያሉት ትንንሽ ፋይሎች ናቸው። ሙሉውን ፎልደር እንዳለ ይገልብጡና ለመለየት የሚጠቀሙበት ሌላ ኮፒ ያድርጉ።

አልጫወት ሲል

ድምፅ ተሰምቶ ምስል ካልመጣ፣ ወይም ፓናሉ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ መጀመሪያ ያንኑ ፋይል በቪኤልሲ ይክፈቱት። በቪኤልሲ ከተጫወተ ፋይሉ ደህና ነው፤ የጎደለው ኮዴክ ነው። ቪኤልሲ ሌላው ያልቻለውን ብዙ ጊዜ ያጫውታል፤ ዶልፊን ግን በሥርዓቱ ላይ በተጫነው ኮዴክ ላይ ይደገፋል። ወደ መጫኛው ክፍል ተመልሰው ኮዴኮቹን ይጫኑ፤ ከዚያ ዶልፊንን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ።

በሁለቱም ካልተጫወተና ፓናሉ ርዝመቱን ካላሳየ ጉዳቱ ከፋይሉ ነው። ይህ በእኛ ላይ ደርሷል። ከአንድ ቀራጭ የተቀበልነው ፍላሽ ላይ የመጨረሻው ፋይል፣ ሙሽሮቹ ወላጆቻቸውን ጉልበት የሚስሙበት ክፍል፣ አልከፈት አለ። ምክንያቱን ኋላ ላይ ተረዳሁት። የኤምፒ4 ፋይል ምስልና ድምፁ በየት በየት እንዳለ የሚናገር ማውጫ አለው፤ ይህ ማውጫ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው። ፍላሹ መገልበጡ ሳያልቅ ከተነቀለ የሚጎድለው ጭራው ነው፤ ማውጫው ከሌለ ደግሞ ዘጠና ከመቶው ቢገለበጥም ማጫወቻ አንዱንም አያነበውም። እናቴ ያንን ክፍል እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

ስለዚህ በራሴ ቤት ይህን ደንብ አድርጌዋለሁ። የመገልበጫው መስመር ሞልቶ ሲጠፋ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም፤ ሊኑክስ የተወሰነውን በራም ውስጥ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ፍላሹ ይጽፋል። በዶልፊን የግራ ዝርዝር ውስጥ ከፍላሹ ስም አጠገብ ያለውን፣ ፍላሹን የሚያስወጣውን ምልክት ይጫኑና «በሰላም ማውጣት ይቻላል» የሚለው መልእክት እስኪመጣ ይጠብቁ። ለትልቅ ፋይል ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ ይታገሡት።

በትክክል መገልበጡን ማረጋገጥ ለሚፈልጉ ዶልፊን ሌላ መንገድ አለው። በዋናው ፋይል ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ይግቡና «ቼክሰም» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። «ሻ256» በሚለው አጠገብ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ይወጣል። ኮፒ አድርገው በተገለበጠው ፋይል ተመሳሳይ ገጽ ላይ ይለጥፉት። ሁለቱ ከተመሳሰሉ አንድ ባይት አልጎደለም። ፋይሉን ከገለበጡ በኋላ ፍላሹን በሰላም አውጥተው እንደገና ከሰኩት በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ የሚያነበው በራም የያዘውን ሊሆን ይችላል።

እኔ ለይቼ ስጨርስ ሁሉንም በኤክስፋት ወደተዘጋጀ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ፤ የፋት32 የ4 ጊጋባይት ገደብ ስለሌለበትና እህቴ ዊንዶውስ ስለምትጠቀም ነው። የሠርጉን ሦስት ትልልቅ ፋይሎች በቼክሰም አመሳከርኩ፣ የማስወጫ ምልክቱን ተጭኜ መልእክቱን ጠበቅኩ፣ ዲስኩንም ለእህቴ ላክሁላት። የመጀመሪያው እኛ ቤት፣ ሁለተኛው እርሷ ዘንድ ነው።